የሞት ሽረት ወይስ መፍጨርጨር?

በዚህ እትም ለዓምዳችን ከደረሱት ጥያቄዎች ሦስቱ ወደ አንድ ጉዳይ የሚያመሩ ሆነው ስላገኘናቸው አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። ሦስቱም ጠያቂዎች ውሎአቸው መሐል አዲስ አበባ ነው። ሦስቱንም ያስቸገራቸው፣ ሰው ጭንቅ ሲይዘው ያለ የሌለ ኃይሉን አሟጦ የሚያደርገውን ትግል የሚገልጹ የእንግሊዝኛ ፈሊጦች ናቸው። የመጀመሪያው ጥያቄ ሥሩ ጥልቅ ስለሆነ ሰፋ አድርገን መልሰነዋል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ካዛንቺስ አካባቢ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት በትርጉም ሥራ ላይ የምገኝ ሴት ነኝ። በቅርቡ ሁለት ድርጅቶች የተካሰሱበትን የውል ጉዳይ የሚመለከት የእንግሊዝኛ ዘገባ እንድተረጉም ተሰጥቶኝ ነበር። በዘገባው ውስጥ ከሁለቱ አንደኛው ድርጅት ውሉ እንዳይፈርስ «ላስት ዲች ኤፈርት» አደረገ የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። «ዲች» ቦይ መሆኑን ስለማውቅ «የመጨረሻው ቦይ ጥረት» ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ ሰርዘው «የመጨረሻ ሙከራ» አሉት። መሰረዙ ተገቢ እንደሆነ ይገባኛል። ነገር ግን «የመጨረሻ ሙከራ» የሚለውን ባነበብኩት ቁጥር አንድ ነገር እንደጎደለው ይሰማኛል፤ የጎደለው ምን እንደሆነ ለይቼ ማስረዳት ግን አልቻልኩም። ለመሆኑ ቦይ እዚህ ውስጥ ምን ሊሠራ ገባ? በአማርኛስ ትክክለኛ አቻ ይገኝለታል?

መልስ፦ እህታችን፣ የተሰማዎት ስሜት ትክክል ነው። የጎደለው ጭንቁ ነው። «የመጨረሻ ሙከራ» የሚለው ሐረግ ተራ ቁጥርን እንጂ የሰውየውን ሁኔታ አይነግረንም። የመንጃ ፈቃድ ፈተና ሁለት ጊዜ ወድቆ ለሦስተኛ ጊዜ የሚቀመጥ ሰው «ይህ የመጨረሻ ሙከራዬ ነው» ሊል ይችላል፤ ቢወድቅ ግን እንደ ልማዱ በታክሲ ይሄዳል እንጂ የሚደርስበት ክፉ ነገር የለም። በእንግሊዝኛው ፈሊጥ ውስጥ ያለው ሰው ግን ከኋላው የሚያፈገፍግበት መሬት አልቀረለትም። አሁን የቆመበት ስፍራ ከተወሰደበት ሁሉም ነገር ያበቃል። አለቃዎ የጻፉት ስሕተት ነው ለማለት አይደለም፤ ሐሳቡን አድርሰዋል፣ ክብደቱን ግን መንገድ ላይ ጥለውታል።

ቦዩ እንዴት እንደገባ ለማወቅ ወደ ሆላንድ መሄድ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1672 ሆላንዶች እስከ ዛሬ «የመዓት ዓመት» እያሉ በሚያስታውሱት ዘመን፣ የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ በየብስ፣ የእንግሊዙ ንጉሥ ቻርለስ 2ኛ በባሕር፣ ሁለት የጀርመን ጳጳሳት ደግሞ በምሥራቅ በኩል ተባብረው ዘመቱባቸው። የፈረንሳይ ጦር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የአገሪቱን ብዙ ክፍል ያዘ። የሆላንዶች ጦር አዛዥ ሆኖ የተሾመው የኦሬንጁ ልዑል ዊልያም ያን ጊዜ ገና የ21 ዓመት ወጣት ነበር። የእንግሊዙ ንጉሥ የላከው የበኪንግሃም መስፍን ወደ ልዑሉ ቀርቦ፣ አገርህ መጥፋቷን አታይምን፣ ለምን አትስማማም ብሎ በጠየቀው ጊዜ፣ ዊልያም የአገሬን ጥፋት ፈጽሞ እንዳላይ የሚያደርገኝ አንድ መንገድ አለ፣ እርሱም በመጨረሻው ቦይ ውስጥ መሞት ነው ብሎ መለሰለት። ይህን ቃል ጽፎ ያቆየልን የዘመኑን ታሪክ የጻፈው ጳጳሱ ጊልበርት በርኔት ሲሆን፣ ጽሑፉ የታተመው እርሱ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1724 ነው።

እንግዲህ ልብ ይበሉ፤ በዊልያም አገር ቦይ ማለት እኛ እንደምናውቀው በመንገድ ዳር የዝናብ ውኃ የሚወርድበት ብቻ አይደለም። ሆላንድ ሰፊው የመሬቷ ክፍል ከባሕር ወለል በታች ወይም ከእርሱ ጥቂት ብቻ ከፍ ያለ ስለሆነ፣ እርሻው በቦይና በግድብ የተከፋፈለ ነው። አንድ ጦር ወደ ፊት ሲገፋ ቦይ በቦይ እየተሻገረ ይመጣል፤ ተከላካዩም ቦይ በቦይ እየለቀቀ ያፈገፍጋል። የመጨረሻው ቦይ ማለት እንግዲህ ከዚያ ወዲያ ሌላ የሌለበት ነው። ሆላንዶች በዚያው ዓመት ያደረጉትም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነበር። የውኃ በሮቻቸውን ከፍተውና ግድቦቻቸውን ሰብረው የራሳቸውን ማሳ በውኃ አጥለቀለቁት። ውኃው ሰው በእግሩ እንዳይሻገረው የጠለቀ፣ መርከብ እንዳይንሳፈፍበት ደግሞ ያነሰ ስለነበረ የፈረንሳይ ጦር ከዚያ ማለፍ አቃተው። አምስተርዳም አልተያዘችም። ዊልያምም በቦይ ውስጥ አልሞተም፤ ከ17 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1689፣ ያን መልእክተኛ የላከበት የእንግሊዝ ዘውድ በእርሱ ራስ ላይ ተደፋ።

ታሪኩን ያስረዘምኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ፈሊጡ ሲወለድ የተሸናፊ ቃል እንዳልነበረ እንዲታይልኝ ነው። አንድ ሰው ስለ ራሱ የተናገረው መሐላ ነበር፤ መሐላውም ፍሬ አፍርቷል። ከዚያ በኋላ ግን ቃሉ ከተናጋሪው አፍ ወጥቶ ወደ ተመልካቹ አፍ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1911 በእንግሊዝ አገር የመሳፍንት ምክር ቤት ሥልጣኑን የሚቀንስ ሕግ በቀረበበት ጊዜ፣ ሕጉን እስከ መጨረሻው እንቃወማለን ያሉትን መሳፍንት ሰዎች «ዲቸርስ» ብለው ጠሯቸው፤ ባለ ቦዮቹ እንደ ማለት ነው። ነሐሴ 10 ቀን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሕጉ በ131 ድምፅ በ114 ላይ አለፈ፣ ባለ ቦዮቹም ተሸነፉ። ዛሬ የእንግሊዝኛ ጋዜጣ ስለ አንድ ሰው «ላስት ዲች» ሲል አንባቢው በሐሳቡ፣ ሰውየው እንደማይሳካለት አስቀድሞ ይገምታል። አንዱ ቃል ሁለት ገጽ አበጀ ማለት ነው። በቦዩ ውስጥ ላለው ሰው ቆራጥነት ነው፤ ከዳር ሆኖ ለሚያየው ደግሞ የጭንቅ መወራጨት ነው።

ይህ ልዩነት በዐይኔ የታየኝ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ክረምት ነበር፣ መንገዱ ዳር ለዳር ተቆፍሯል። በቦዩ ውስጥ አራት ሠራተኞች ትከሻቸው ድረስ ገብተው ሲቆፍሩ የአንደኛው ዶማ አሮጌ የውኃ ቧንቧ መታና ውኃው ገንፍሎ ወጣ። ሦስቱ እየተንጠላጠሉ ወጡ። አንዱ ወጣት ግን ሸሚዙን አውልቆ፣ በጎማ ቁራጭ ላይ ጠቅልሎ የተሸነቆረውን ቧንቧ በሁለት እጁ አፍኖ ቆመ፤ ከጎኑ ተቆልሎ የነበረው አፈር ተንዶ ዕለቱን የተቀበረውን አዲስ መስመር ሁሉ ሊያበላሸው ነበርና። ውኃው ጉልበቱን አልፎ ወደ ወገቡ ሲደርስ ከላይ የቆመው ካቦ «ውጣ! ውጣ እንጂ!» ይላል። ከአጠገቤ የነበሩ አንድ አዛውንት «ምስኪን፣ በከንቱ ይፍጨረጨራል» አሉ። ልጁ ቀና ብሎ የተናገረው ግን «ትንሽ ታገሡኝ፣ አልለቅም» የሚል ብቻ ነበር። ከሩብ ሰዓት በኋላ ውኃውን ከላይኛው በኩል ዘጉት። አዛውንቱም ሆኑ ልጁ የተናገሩት ስለ አንድ ቦይና ስለ አንድ ጥረት ነው፤ አንደኛው «መፍጨርጨር» አለው፣ ሌላው «አልለቅም» አለ። እንግሊዝኛ ሁለቱንም በአንድ ፈሊጥ ይሸከማቸዋል። አማርኛ ግን ለየብቻ ስም ሰጥቷቸዋል፤ የተርጓሚው ሥራ የሚከብደውም የሚጥመውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከውስጥ ያለው ሰው ድምፅ በአማርኛ «ወይ ፍንክች የአባ ቢላዋ ልጅ» ነው፤ «የመጣው ይምጣ» ነው፤ «ይለይለት» ነው። በቸርችል ጎዳና ሽቅብ የሚሄድ ሰው በቴዎድሮስ አደባባይ የሴባስቶፖልን መድፍ ምስል ያያል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ሠራዊታቸው ተመናምኖ፣ የእንግሊዝ ጦር መቅደላ አፋፍ ላይ ደርሶ ሳለ እጃቸውን ላለመስጠት ራሳቸውን ሠውተዋል። ተስፋ የሚባል ነገር አልቆ ነበር። ያም ሆኖ የመቅደላውን ፍጻሜ «መፍጨርጨር» ብሎ የሚጠራ አማርኛ ተናጋሪ እስካሁን አልገጠመኝም። በእንግሊዝኛ ያን ቀን «ላስት ዲች» ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ ግን ከ«ወይ ፍንክች» ወገን እንጂ ከሌላው ሊመደብ አይችልም።

ከዳር የቆመው ተመልካች ደግሞ «መፍጨርጨር»፣ «መንፈራገጥ»፣ «መወራጨት» የሚሉ ቃላት አሉት። «መንፈራገጥ ለመላላጥ» የሚለው ተረት የተመልካች ፍርድ ነው። «የሚሰምጥ ሰው አረፋ ይጨብጣል» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ እየሰመጠ ያለው ሰው የጨበጠው አረፋ መሆኑን አያውቅም፣ የሚያውቀው ከዳር የቆመው ነው። «የጨነቀው እርጉዝ ያገባል» የሚለው ግን ከእነዚህ ትንሽ ይለያል፤ ስለ ጥረቱ ትልቅነት ሳይሆን ጭንቅ ምርጫን እንዴት እንደሚያጠብ ይናገራልና ለእንግሊዝኛው ፈሊጥ አይስማማም።

በሁለቱ መካከል «አልሞት ባይ ተጋዳይ» አለ። በትርጉም ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ለ«ላስት ዲች» ብዙ ጊዜ የሚመርጡት ይህንኑ ነው፤ ምርጫውም መልካም ነው፣ ሞት መቃረቡንም ትግሉንም አንድ ላይ ይዟልና። ሆኖም አንድ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። በጋዜጦቻችን ልማድ «የአልሞት ባይ ተጋዳይነት እንቅስቃሴ» የሚባለው የተቃራኒ ወገን ጥረት ነው፤ ስለ ራሱ ወገን ሲጽፍ የሚጠቀምበት ጸሐፊ እምብዛም አይገኝም። ስለዚህ ይህን ሐረግ በአንድ ድርጅት ላይ ሲያሳርፉት፣ ሳያስቡት ድርጅቱ እንዲሸነፍ የፈረዱበት ሊመስል ይችላል።

ገለልተኛ ሆኖ ጭንቁን የሚጠብቀው ቃል «የሞት ሽረት» ነው። ብዙ ጊዜ ስለምንሰማው ከምን እንደተሠራ እንዘነጋለን። «ሽረት» የመጣው ቁስል ሻረ፣ በሽተኛው ሻረ ከምንለው ነው። ቃሉ የተወሰደው ከጦር ሜዳ ሳይሆን ከበሽተኛ አልጋ አጠገብ ነው ማለት ነው። ሌሊቱ ሳይነጋ ወይ ይሞታል ወይ ይሽራል፤ ሦስተኛ መንገድ የለም። ከሁለቱ አንዱ መዳን ስለሆነ ደግሞ በቃሉ ውስጥ ተስፋ አለ። የእርስዎ ዘገባ በሁለት ተከራካሪዎች መካከል የማይፈርድ ከሆነ፣ «ድርጅቱ ውሉን ከመፍረስ ለማዳን የሞት ሽረት ጥረት አደረገ» ብለው ይጻፉ። ዘገባው የተጻፈው በባላንጣው ጠበቃ ከሆነና የድርጅቱን ጥረት ከንቱነት ለማሳየት ከፈለገ «ውሉ እንዳይፈርስ የመጨረሻ መፍጨርጨር አደረገ» ማለት ይስማማል። ቃሉ በድርጅቱ ኃላፊ አንደበት የተነገረ ከሆነ ደግሞ «ውላችንን ላለማፍረስ እስከ መጨረሻው ታግለናል» ማለት የሰውየውን ድምፅ ይጠብቃል።

«የመጨረሻ ምሽግ» የሚለውን ለምን አልጠቀምም የሚሉ አንባብያን ይኖራሉ። ዲች በጦርነት ጊዜ ምሽግ መሆኑ እውነት ነው፤ «የመጨረሻ ምሽግ»ም በአማርኛ የተለመደ ሐረግ ነው። ነገር ግን በእኛ አነጋገር የመጨረሻ ምሽግ የሚባለው መጠለያ ነው፤ «የድሀ የመጨረሻ ምሽጉ ፍርድ ቤት ነው» እንደሚባለው። እንግሊዝኛው የሚናገረው ስለ መጠለያው ሳይሆን በመጠለያው ውስጥ ስለሚደረገው ትግል ነው። «የመጨረሻ ምሽግ ጥረት» ብለው ቢያያይዙት አንባቢ ምሽግ የመሥራት ጥረት ነው ብሎ ሊረዳው ይችላል። «ቦይ» የሚለውን በተመለከተ፣ የመጀመሪያ ትርጉምዎ በመዝገበ ቃላት ቢመዘን ስሕተት የለበትም። የዊልያም ቦይ በእርግጥ ቦይ ነበር። ችግሩ የአዲስ አበባ አንባቢ ቦይ ሲባል የሚታየው ሌላ ነገር መሆኑ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ በፒያሳ በአንድ ማተሚያ ቤት የእርማት ሠራተኛ ነኝ። ለእርማት በመጣ አንድ ትርጉም ውስጥ «መንግሥት ሁሉንም ማቆሚያዎች አስወገደ» የሚል አገኘሁ። ዋናውን ሳየው «ፑልድ አውት ኦል ዘ ስቶፕስ» ይላል። «ስቶፕ» ማቆም ሆኖ ሳለ፣ ሐረጉ እንዴት ሙሉ ኃይልን መጠቀም ሊሆን ቻለ? ከዚሁ ጋር «ቱዝ ኤንድ ኔይል» የሚለውን «በጥርስና በምስማር» ያሉት ትክክል ነውን?

መልስ፦ ሁለተኛውን በአጭሩ ልመልስልዎ። «ኔይል» በእንግሊዝኛ ምስማርም ጥፍርም ነው፤ እዚህ ላይ ግን ጥፍር ነው። ሐረጉ በእንግሊዝኛ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የሚታወቅ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ላቲኖች «በጥፍርና በጥርስ» ይሉ ነበር። መሣሪያ ያልቀረው ሰው በተፈጠረበት አካል ይዋጋል ማለት ነው። «በጥርሱም በጥፍሩም ታገለ» ቢሉት አማርኛው ምንም አይጎረብጠውም። «ጥርሱን ነክሶ ታገለ» ግን ሌላ ነው፤ ጥርስ መንከስ መቻልን፣ ሕመምን መዋጥን ያሳያል እንጂ መናከስን አያሳይም።

የመጀመሪያው ጥያቄዎ ግን ደስ ያሰኘኛል፤ ከሙዚቃ የመጣ ነውና። በአውሮፓ አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ የሚገኘው ኦርጋን የሚባለው ታላቅ መሣሪያ በብዙ ረድፍ በተደረደሩ ቧንቧዎች ውስጥ ነፋስ እየገባ የሚጮኽ ነው። እያንዳንዱ ረድፍ የራሱ ድምፅ አለው፤ አንዱ እንደ ዋሽንት፣ ሌላው እንደ መለከት። ነፋሱ ወደ አንድ ረድፍ እንዳይገባ የሚያግደው መዝጊያ ከተጫዋቹ ፊት ካለ እጀታ ጋር ተያይዟል፤ ይህም እጀታ «ስቶፕ» ይባላል። እጀታው ወደ ውጭ ሲሳብ እገዳው ይነሣል፣ ያ ረድፍም ይናገራል። ሁሉም እጀታዎች ሲሳቡ ኦርጋኑ ባለው ድምፅ ሁሉ ያስገመግማል። ስለዚህ ትርጉሙ «ማቆሚያዎችን አስወገደ» ማለቱ በመሣሪያው አሠራር ሲታይ እውነት አለው፤ አንባቢ ግን ኦርጋኑን ስለማያየው እንቅፋት ከመንገድ የተነሣ ይመስለዋል። ሐረጉን ከሙዚቃ ውጭ ለሐሳብ ሲጠቀሙበት ከምናገኛቸው መካከል እንግሊዛዊው ገጣሚና ሐያሲ ማቲው አርኖልድ አንዱ ሲሆን፣ ጽሑፉ እ.ኤ.አ. የ1865 ነው።

ለእኛ አንባቢ ይህን ለማስረዳት ኦርጋን መፈለግ አያስፈልግም። እርስዎ ከሚሠሩበት ብዙ ሳይርቅ በቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል በክብረ በዓል ሌሊት ማኅሌት የቆመ ሰው ነገሩን በጆሮው ያውቀዋል። ሊቃውንቱ መጀመሪያ በቁም ዜማ ያለ መሣሪያ ይላሉ። ቀጥሎ ዝማሜው ይመጣል፣ መቋሚያዎቹ ከዜማው ጋር ይወዛወዛሉ። ከዚያ መረግድ ነው፣ ከበሮው ይገባል፣ ጸናጽሉ ይንሿሿል። በመጨረሻ ጽፋት ሲደርስ ከበሮው ይፈጥናል፣ ጭብጨባው ይጨመራል፣ እልልታው ከሴቶቹ ወገን ይነሣል። ያን ጊዜ ተሸሽጎ የቀረ ድምፅ የለም። ኦርጋንና ማኅሌት በብዙ ነገር ይለያያሉ፤ እየተጨመረ፣ እየተጨመረ ሄዶ ምንም ሳይቀር መሙላቱ ግን በሁለቱም አለ።

ከዚህ የምናገኘው ጠቃሚ ነገር በዚህ ሐረግ ውስጥ ጭንቅ አለመኖሩ ነው። ባለ ኦርጋኑ አልተከበበም፤ ያለውን ሁሉ ያወጣው ስላለው ነው። እርስዎ ባገኙት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ለምሳሌ ጉዳዩ የበዓል ዝግጅት ከሆነ «መንግሥት ያለውን አቅም ሁሉ ተጠቀመ»፣ «ያለ የሌለ ኃይሉን አሰለፈ»፣ ወይም ትንሽ ሞቅ እንዲል ከፈለጉ «የቀረው ነገር የለም» ማለት በቂ ነው። እዚህ ላይ «የሞት ሽረት» ብሎ መጻፍ ስሕተት ይሆናል። አንዳንድ ጋዜጠኞች ማናቸውንም ትልቅ ጥረት «የሞት ሽረት» ማለታቸው ያሳዝነኛል፤ ቃሉ ለእውነተኛው ጭንቅ በሚያስፈልግበት ቀን ጉልበት አልባ ሆኖ ይገኛልና። ለአበባ ዐውደ ርእይ ዝግጅት የሞት ሽረት ከተባለ፣ በኩላሊት ሕመም ለሚማቅቅ ልጇ በየደጁ ለምትዞር እናት ምን ቃል ሊቀር ነው?

ጥያቄ፦ ስታዲየም አካባቢ ካሉ ወጣት የስፖርት ጸሐፊዎች አንዱ ነኝ። በባዕድ አገር ዘገባዎች ላይ «ሄይል ሜሪ ፓስ» የሚል ይገጥመኛል። «የእመቤታችን ሰላምታ ኳስ» ብዬ ብተረጉመው ምእመናንን የሚያስቀይም መሰለኝ። አለመተርጎሙ ይሻላልን?

መልስ፦ መጠንቀቅዎ የሚያስመሰግን ነው። ሐረጉ ግን በንቀት የተነገረ አይደለምና በዚህ በኩል አይጨነቁ። «ሄይል ሜሪ» በካቶሊኮች ዘንድ ከሉቃስ ወንጌል የመልአኩ ሰላምታ የተወሰደ፣ ልክ እኛ ዘንድ እንዳለው «ሰላም ለኪ» ያለ ጸሎት ነው። በአሜሪካ እግር ኳስ፣ ማለትም ሞላላውን ኳስ በእጅ በሚወረውሩበት ጨዋታ፣ በካቶሊክ ኮሌጅ ተጫዋቾች ዘንድ ቀደም ብሎ ይነገር ነበር። በዓለም የታወቀው ግን እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 28 ቀን 1975 ዳላስ ከሚኒሶታ ጋር በተጫወተበት ዕለት ነው። ዳላስ 14 ለ10 እየተመራ፣ ጨዋታው ሊያልቅ ግማሽ ደቂቃ ያህል ሲቀረው፣ ኳስ አከፋፋዩ ሮጀር ስቶባክ ከመሐል ሜዳ አካባቢ ኳሱን አርቆ ወረወረው፤ ድሩ ፒርሰን ተቀብሎ ነጥብ አስቆጠረና ዳላስ 17 ለ14 አሸነፈ። ስቶባክ ካቶሊክ ነበረና በኋላ ሲጠየቅ ዐይኔን ጨፍኜ ያንን ጸሎት አደረስኩ አለ።

ስለዚህ የሐረጉ ልብ ያለው በሰላምታው ሳይሆን በጭንቅ ሰዓት በሚወጣው ልመና ላይ ነው። የእኛ ሰው በዚያች ቅጽበት «ሰላም ለኪ» ብሎ ከመጀመሪያው አይጀምርም፤ ጊዜ የለውም። «እመቤቴ ድረሽ!» ነው የሚለው። እዚያው ስታዲየም በጭማሪ ሰዓት፣ ቡድኑ አንድ ለባዶ እየተመራ፣ በረኛው ሳይቀር የራሱን ግብ ትቶ ለማዕዘን ምት ወደ ፊት ሲወጣ፣ ካታንጋ በሚባለው የስታዲየሙ ወገን ከተቀመጠው ደጋፊ መካከል የሚሰማው ቃል ይኸው ነው። እንግዲያው «እመቤቴ ድረሽ ብሎ የወረወረው ኳስ» ብለው ቢጽፉ ማንንም ሳያስቀይሙ የጭንቁንም የእምነቱንም ልክ ያደርሳሉ። የሌላ እምነት አንባቢዎችዎን በማሰብ ቃሉን ማለዘብ ከፈለጉ «ለፈጣሪ አደራ ብሎ የለቀቃት ኳስ» ይበሉት።

ሐረጉ ከስፖርት ወጥቶ በንግድና በፖለቲካ ዘገባ ውስጥ ሲገጥምዎ ግን ኳሱን ይተዉት። አንድ ኩባንያ ከኪሳራ ለመዳን «ሄይል ሜሪ» ሞከረ ሲባል፣ ጸሐፊው የሚለው ኩባንያው ይሳካል ብሎ ባልጠበቀው ነገር ላይ ያለውን ሁሉ ጣለ ነው። እዚያ ቦታ «ከሆነ ይሁን ብሎ የቀረችውን ገንዘብ በዚህ ላይ አዋለ» ቢሉት ዓረፍተ ነገሩ በራሱ ይቆማል። ከላይ ለካዛንቺሷ ጠያቂያችን ከጻፍነው ጋር እንዳይምታታብዎ አንድ ነገር ልጨምር፤ «ላስት ዲች» ሰውየው ራሱ በጉልበቱ እየታገለ መሆኑን ሲያሳይ፣ «ሄይል ሜሪ» ግን ኳሱ ከእጁ ከወጣ በኋላ ከእርሱ የሚጠበቅ ነገር እንደሌለ ያሳያል። ቧንቧውን በሁለት እጁ አፍኖ የቆመው የአራት ኪሎው ወጣት የመጀመሪያው ነው፤ ሁለተኛው ወርውሮ ቀና ብሎ የሚጠብቅ ሰው ነው።